ጥቂት ስንት ነው?



ባለፈው ሳምንት ስማዳ ሳለሁ ያስተማርኩት አንድ ተማሪዬ ደወለልኝ። ዛሬ እሱም መምህር ሆኗል፣ የልጅ ልጅም አይቷል። ጨዋታ ጨዋታን ሲያነሳ፣ «ጋሼ፣ ‘ፊው’ እና ‘ኤ ፊው’ን ያስተማሩን ቀን ትዝ ይልዎታል?» አለኝ። እንዴት አይለኝ! ያቺ ትምህርት ከጥቁር ሰሌዳው ላይ ብትጠፋም ከእኔ ልብ አልጠፋችም። ለምን እንዳልጠፋች ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ልናገር ነው። ትንሽ ይረዝማል። «ትንሽ» ስል ስንት እንደሆነ ግን አንብባችሁ ስትጨርሱ እናንተው ትፈርዳላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝኛ ‘ፊው’ ብሎ ሲጠራ «እምብዛም የለም» ማለቱ ነው። ፊቷ ላይ ‘ኤ’ የምትባለዋን ሚጢጢ ቃል ሲጨምርባት ደግሞ «የለም አትበሉ፣ አለ» ይሆናል። ‘ሊትል’ም እንደዚሁ ናት፤ እሷ የማይቆጠረውን፣ እንደ ውሃና እንደ ዱቄት ያለውን ትይዛለች። ሰዉ ሁለት፣ ዱቄቱ ሁለት ጭብጥ ሊሆን ይችላል፤ ‘ኤ’ ካለች ተስፋ አለ፣ ከሌለች ተስፋ የለም። ይህን ሳስረዳ ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን አወጣና፣ «ጋሼ፣ በእኛ ቋንቋ ይኼ ልዩነት የለም?» አለ። እኔም የወጣት መምህር ድፍረት ይዞኝ፣ «የለም» ብዬ አለፍኩት።

ተሳስቼ ነበር። አለ እንጂ! እስቲ እነዚህን ሁለቱን ስሟቸው፦ «ጥቂት ጤፍ አለኝ» እና «ያለኝ ጤፍ ጥቂት ነው»። ጤፉ ያው ነው። የመጀመሪያውን የምትለው እናት እንግዳ ልታስተናግድ ምጣድ እየጣደች ነው። ሁለተኛውን የምትለው ጎረቤቷ ልትበደር መጥታባት እንዴት አድርጋ እንደምትመልሳት እያሰበች ነው። እንግሊዝ በአንድ ቃል የሚለየውን እኛ በአነጋገር እንለየዋለን።

‘ትንሽ’ እና ‘ጥቂት’ም አንድ አይደሉም። ትንሽ ከ‘አነሰ’ የወጣች ናት፤ የግዕዙ ‘ንኡስ’ እና የእኛው ‘ታናሽ’ ዘመዶቿ ናቸው። ስለዚህ መጠንንም ቁመናንም ዕድሜንም ታቅፋለች። ጥቂት ግን ብዛት ላይ ብቻ ትቆማለች። «ትንሽ ቤት» እንላለን፣ «ጥቂት ቤት» አንልም። «ጥቂት ሰዎች መጡ» ብትሉ ማንም አይቀየማችሁም፤ «ትንሽ ሰዎች መጡ» ብትሉ ግን ወይ ሕፃናት ናቸው፣ ወይ ስድብ ነው። «እሱ ትንሽ ሰው ነው» የተባለ ሰው ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሆን ይችላል።

ደግሞ የእኛ አገር ‘ትንሽ’ ዓይን አፋር ናት። እስቴም ሂዱ ጋይንት፣ ባለቤቷ «ትንሽ ቅመሱ» ካለቻችሁ ቀበቷችሁን አላሉ፤ መሶብ ሙሉ ነው የሚመጣው። አልጋ ላይ ሦስት ወር የተኛ አባት ስትጠይቁት «ትንሽ አሞኝ ነበር» ይላችኋል። ሰጪ ሲናገራት ትሕትና፣ ታማሚ ሲናገራት ጽናት፣ ለማኝ ሲናገራት ደግሞ ይሉኝታ ትሆናለች። «ትንሽ ቆሎ ይዞ ካሻሮ ጠጋ» የተባለውም ለዚህ ይመስለኛል። ባዶ እጁን የሚጠጋ ይሸማቀቃል፤ ያቺ ትንሿ ቆሎ ግን ከባለ አሻሮው እኩል ታስቀምጠዋለች።

ወደ ጓዳ እንግባ። አማርኛ ለጥቂት ነገር ያሉትን ስሞች ቁጠሯቸው፦ ቁራሽ፣ ጉርሻ፣ ቅምሻ፣ ቁንጥር፣ ጭብጥ፣ ጠብታ፣ ፍርፋሪ፣ ትራፊ፣ ቅሪት። አንድ ነገር አስተዋላችሁ? ሁሉም ከግስ የተወለዱ ናቸው። ቆረሰ ቁራሽን፣ ጎረሰ ጉርሻን፣ ቀመሰ ቅምሻን፣ ቆነጠረ ቁንጥርን፣ ጨበጠ ጭብጥን። የሰው እጅና አፍ ያደረጉት ነገር መጠን ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ጉርሻ ስንት ግራም ነው ብላችሁ ብትጠይቁ መልስ የለውም፤ ማን ለማን እንዳጎረሰ ብትጠይቁ ግን መልስ አለው። ለዚህም ነው «አንድ ጉርሻ ያጣላል» የሚባለው፤ አንዷ ብቻዋን ጉድለት ናት፣ ሁለተኛዋ ስትከተላት ፍቅር ይሆናል። ይህችው ጉርሻ ኋላ ከተማ ገብታ ለአስተናጋጅ የሚሰጥ ገንዘብ ሆነች። ከዚያም ‘ሻይ መጠጫ’ የምትባል እህት አገኘች፤ የእሷን ነገር ግን መዝገብ ቤት የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋልና እንለፋት።

እፍኝስ? እኔ ያደግሁት እስቴ፣ አያቴ ቤት ነው። አያቴ ሁለት እጇን ገጥማ ነበር የምታፍሰው፤ ለእሷ እፍኝ ማለት እሱ ነው። ስማዳ ስገባ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት በአንድ እጇ ብቻ አፍሳ «እፍኝ ሽሮ አበደርኩዎት» አለችኝ። አልዋሸችም። እኔ ግን ስመልስላት በአያቴ እፍኝ መለስኩ። ሳቀች፤ «መምህር፣ እርስዎ ሂሳብ አይችሉም እንዴ?» አለችኝ።

ውሃ ሲሆን ደግሞ ‘ጥርኝ’ አለ። መዳፍን እንደ ገበቴ አጎድጉደው የሚይዙት ውሃ ነው። የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረትን ያከበረ ሁሉ የዚችን ቃል ክብር ያውቃል። በላዔ ሰብእ የሚባለው ሰው 78 ነፍስ በልቶ፣ በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ለለመነው ቁስለኛ ጥርኝ ውሃ ሰጠ። በሚዛኑ በአንድ ወገን 78 ነፍስ፣ በሌላው ወገን ጥርኝ ውሃ ሲቀመጥ ውሃዋ መዘነች። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ተስሎ ስታዩት ሚዛኑን ልብ በሉት። ይህን ታሪክ እየሰማ ያደገ ሕዝብ ‘ትንሽ’ን ንቆ ማለፍ አይችልም፤ ቢያንስ አይገባውም።

ከእጅ ወደ ገበያ ስንወጣ ቁና ይመጣል። ታች ጋይንትን አስቡ፤ የወረዳው ከተማ ስሙ ራሱ ዓርብ ገበያ ነው። ሃያ ቁና አንድ ዳውላ ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ችግሩ ቁናው የማን ነው? የሚለው ላይ ነው። ቁና ስፌት ነው፤ ሰፊዋ እጇን ጠበቅ ካደረገች ይጠባል፣ ላላ ካደረገች ይሰፋል። ተስተካክሎ የተሰፈረና ተቆልሎ የተሰፈረም አንድ አይደለም። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለውን ተረት ዛሬ ለምክር ብቻ እንጠቀምበታለን። እህል በመበደርና በመመለስ ለሚኖር ሰው ግን ምክር ብቻ አልነበረም፣ ውል ነበር። ያበደርክበት ቁና ይቀመጣል፤ ስትቀበልም በዚያው ነው።

አያቴ ስትመልስ ቁናውን ትሞላና ከላዩ አንድ እፍኝ ትጨምር ነበር። «ይኼ ለምንድነው?» ስላት «ምርቃት ነው» አለችኝ። ገበያ ላይም እንዲሁ ነው፤ በርበሬውን በመደብ፣ ሽንኩርቱን በራስ፣ ጎመኑን በእስር ከገዛን በኋላ «መርቂልኝ እንጂ» እንላለን፤ ሻጯም ቆንጠር አድርጋ ትጨምራለች። በአባቶች አፍ የሚወርደው ምርቃትና ከመደቡ ላይ የምትጨመረው ያቺ ቁንጥር አንድ ስም መያዛቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሂሳቡ ከተዘጋ በኋላ የሚሰጥ ትንሽ ነገር፣ ያልተገደዱበት ስለሆነ፣ በረከት ይባላል።

ገንዘብም ሲጀመር እንዲህ በእጅ የሚዳሰስ ነበር። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬዝ፣ ጨው እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግልና ከተቆፈረበት እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድ ጽፏል። አፋር ላይ ጥቂት የሚገዛው አሞሌ ጎንደር ሲደርስ ብዙ ይገዛል። ‘ጥቂት’ በመንገድ ርዝመት ይለወጣል ማለት ነው። ወርቁም በወቄት ይመዘናል፤ አንድ ወቄት 28 ግራም ገደማ ሲሆን፣ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት የተቀረጸበት የማሪያ ትሬዛ ጠገራ ብር ክብደትም ያው ነበር። ስለዚህ ብሩ ገንዘብም ነበር፣ የሚዛን ድንጋይም ነበር።

መስፈሪያ የማን ነው? የሚለው ጥያቄ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1789ኙ አብዮት በፊት የፈረንሳይ ገበሬዎች ካቀረቡት አቤቱታ አንዱ ይህ ነበር፤ ባላባቱ ግብር የሚሰፍርበት ዕቃ የእሱ ነው፣ ከቦታ ቦታም ይለያያል፣ አንድ ንጉሥና አንድ መስፈሪያ ይሁንልን አሉ። ሜትርና ኪሎግራም የተወለዱት ከዚያ አብዮት ነው። እኛ ዘንድም አስራት ሲጣል ሰብሉ ሳይሰፈር በዓይን ይገመት ነበር። ከአሥር አንድ ነው ይባላል፤ ግን የገማቹ ዓይን አሥሩን አሥራ አምስት ካየው የገበሬው ‘አንድ’ ከየት ይመጣል? አስራት የቀረው በ1960 ዓ.ም. በወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ነው። ኪሎና ሜትርም በሕግ የአገሪቱ መለኪያ የሆኑት በ1950ዎቹ አጋማሽ ነበር። ገበያው ውስጥ እስኪገቡ ግን ዘመን ፈጀባቸው። ጣሳውና ሲኒው ዛሬም አሉ።

እንግዲህ ኪሎ ጥሩ ነው። እጅ ያዳላል፣ ዓይን ያዳላል፣ ኪሎ ግን አያዳላም እንላለን። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እንስማማለን። እኔን ሲከተለኝ የኖረው ነገር ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ ኪሎም ቁናም የማይገባበት አንድ ቦታ አለ፣ እሱም ሪፖርት ነው።

በ1966 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ ዓለም ያየው በጥቅምት ወር፣ እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ በሠራው ፊልም ነው። ከዚያ በፊት ችግሩ ለወራት ተሸፋፍኖ ቆይቷል። በ1977ም እንደዚያው ሆነ። መስከረም ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በድምቀት ተከበረ፣ ጥቅምት ላይ የቢቢሲ ካሜራ ኮረምን ለዓለም አሳየ። ታሪክ ጸሐፊዎች ጥፋቱን ከላይ ይፈልጉታል፤ ልክ ናቸው። እኔ ግን ከታች ያለውን አንድ ወረቀት አውቃለሁ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝና።

በ1977 የትምህርት ዘመን እስማዳ አንድ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። የክፍል ኃላፊ ስለነበርኩ በየወሩ የተማሪዎችን መገኘትና መቅረት ጽፌ አስረክባለሁ። የተመዘገቡት 58 ነበሩ። ኅዳር ላይ 6 ቀሩ። «ጥቂት ተማሪዎች በልዩ ልዩ ምክንያት ቀርተዋል» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነው፣ ስድስት ጥቂት ነው። ታኅሣሥ ላይ 14 ሆኑ። ያለፈውን ወር ወረቀት አጠገቤ አድርጌ ገለበጥኩት፦ «ጥቂት ተማሪዎች»። የካቲት ላይ 23 ሆኑ። እጄ ያንኑ ቃል ጻፈ።

ማንም አላስገደደኝም። ይህን አጥብቄ ልናገር፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ «ዘመኑ ነው» ይለኛል። ዘመኑ ክፉ ነበር፤ «ብዙ» ብሎ መጻፍ ጥያቄ ያስነሳል፣ ጥያቄ ደግሞ ማንም አይፈልግም ነበር። ግን ቁጥሩን በሰነዱ ላይ ለማስፈር የሚከለክለኝ ሰው አልነበረም። ‘ጥቂት’ የምትመች ቃል ሆና አገኘኋት። ጠርዝ የላትም። ስድስትም ይገባባታል፣ ሃያ ሦስትም ይገባባታል። የማይሞላ ቁና ማለት እሷ ናት።

በዚያው በየካቲት አንድ ጠዋት፣ ያ «በእኛ ቋንቋ ይኼ ልዩነት የለም?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ከቀናት መቅረት በኋላ መጣ። ከንፈሩ ደርቋል። ሌሎቹ ለእረፍት ሲወጡ ወንበሩ ላይ ቀርቶ ከነጠላው ጫፍ ቋጠሮ ፈታ። ገብስ ቆሎ ነበር። ተነስቶ በሁለት እጁ ወደ እኔ ዘረጋልኝ፤ «ጋሼ፣ ትንሽ ናት፤ ዘገን ያርጉ» አለኝ። አልራበኝም ብለው ያፍራል፤ ብዘግን ያልቅበታል። በሁለት ጣቴ ቆነጠርኩ። እሱ ግን «ኧረ ጋሼ!» ብሎ መዳፌን ዘርግቶ ጨመረበት። ምርቃት መሆኑ ነው።

የእሱ ‘ትንሽ’ እና የእኔ ‘ጥቂት’ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ወር ውስጥ ነበሩ። የእሱ ትንሽ ያለውን ሁሉ ገለጠች፣ የእኔ ጥቂት የሆነውን ሁሉ ሸፈነች። መዝገበ ቃላት ብትከፍቱ ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን አንዱ ለአንዱ ፍቺ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ።

ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ ትምህርቱን ቀጠለ። ባለፈው ሳምንት የደወለልኝም እሱ ነው። ከ23ቱ ግን ሁሉም አልተመለሱም። ምን ያህሉ ተመለሱ ብትሉኝ ‘ጥቂቶች’ አልላችሁም፤ እስከ ሰኔ ቆጥሬያለሁ፣ 11 ናቸው። የቀሩት 12 ተሰድደው ይሁን ሌላ ነገር አግኝቷቸው አላውቅም። የእኔ ወረቀት በጊዜው በቁጥር ቢጻፍ ኖሮ እህል ይመጣ ነበር ብዬ ራሴን አላታልልም። ግን አንድ የሚያነብ ሰው 6፣ 14፣ 23 የሚለውን ቢያይ ኖሮ ምናልባት ቀና ይል ነበር። ‘ጥቂት፣ ጥቂት፣ ጥቂት’ ግን ማንንም ቀና አያደርግም።

ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ስማዳም፣ ላይ ጋይንትም፣ ታች ጋይንትም ሴፍቲኔት የገቡ ወረዳዎች ናቸው። ሲጀመር ስሌቱ ለአንድ ሰው በወር አምስት የሥራ ቀን፣ በቀን ሦስት ኪሎ እህል ወይም ተመጣጣኙ ገንዘብ ነበር። 15 ኪሎ ማለት ነው። ለሠላሳ ቀን ስታካፍሉት ግማሽ ኪሎ ይደርሳል። አንድ ቀን ነፋስ መውጫ ቤቴ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ስንዴ በሚዛን መዝኜ በአያቴ እፍኝ ሰፈርኩት። ሦስት እፍኝ ያህል ሆነ። ያን ጊዜ ነው ኪሎና እጅ የሚጣሉ እንዳልሆኑ የገባኝ። ቁጥሩ ማንም እንዳይሸውደን ነው፤ እፍኙ ደግሞ ያ ቁጥር የሰው አፍ ውስጥ ሲገባ ምን ያህል እንደሚሆን እንዳንረሳ ነው።

ከዚያ በኋላ በነበሩኝ ዓመታት የተማራችሁብኝ ሁሉ ድርሰታችሁ ላይ ‘ጥቂት’ ባያችሁ ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ «ስንት?» ብዬ እጽፍባችሁ የነበረው ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ አይደል? አንዳንዶቻችሁ ትማረሩ ነበር። ይቅርታ፤ እናንተን አልነበረም የማርመው።

ዛሬ ብዙዎቻችሁ ቢሮ ውስጥ ናችሁ። ጤና ጣቢያ፣ ግብርና፣ ትምህርት ቤት፣ ቀበሌ ወረቀት ትጽፋላችሁ። አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስትሰጡ «ትንሽ ናት» በሉ፤ ያምርባችኋል። ስለ ሰው ችግር ስትጽፉ ግን ቁጠሩና ቁጥሩን ጻፉ።

በሉ እናንተ ደግሞ ንገሩኝ፤ በእናንተ ቀዬ እፍኝ በአንድ እጅ ነው ወይስ በሁለት? እኔ ያልጠቀስኩት የትንሽ ነገር ስም ካለም ጻፉልኝ፤ ለምርቃት ይሁነኝ።